ቤንዚን የማይበላው ቀለም

ባለፈው ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከሐይቁ ዳር ወደ ከተማ ስመለስ አንድ ጋራዥ በር ላይ ወጣቶች የሞተር ብስክሌት ቀለም ሲረጩ አገኘኋቸው። ነፋሱ የቀለም ማቅጠኛውን፣ የቲነሩን ሽታ ይዞ ፊቴን መታኝ። ያ ሽታ አፍንጫ ላይ ይጣፍጣል፤ ጉሮሮ ሲደርስ ይመራል። ባለቤቴ "ምን ሆንሽ?" አለኝ። ለካ ሳላስበው ዞሬ፣ ከኋላዬ የቆመ ሰው እንዳለ እያየሁ ነበር። ማንም አልነበረም።

ሦስተኛ ክፍል የጨረስሁበት ክረምት ትዝ አለኝ።

እናቴ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ትምህርት ሲዘጋ ቀን ቀን የምትተወኝ አባባ እድሪስ ዘንድ ነው። አባባ እድሪስ የእናቴ አጎት ናቸው። ዘመዶቻቸው ሁሉ ጣና ላይ በአሣና በጀልባ ሥራ የኖሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን የብረት ጀልባ በመቀባት ጀምረው ውለው አድረው መኪናውንም ሞተሩንም የሚቀቡ ሆኑ። መሥሪያቸው ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከበቀለበት አጠገብ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። በክረምት ውኃው ደፍርሶ ይሞላና አጥሩ ሥር ድረስ ይመጣል። ጠዋት ጭጋጉ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየሾለከ ይገባል። ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤ አንድም ቀን ግን አላየሁትም።

እትዬ ማንጠግቦሽ የመጣችው ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት ነው። አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ የምትሠራውም ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ። ቀይ የመስክ ሞተር እየገፋች ገባች። ሞተሩን ወዲያው አወቅሁት። የባሏ የአበጀ ነው። የነጂውን ፊት ግን አላውቀውም ነበር፤ በሰፈራችን ሲያልፍ ሁልጊዜ ሄልሜት ያደርጋል።

አበጀ የከብት ሐኪም ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ይህ ሞተር ሐይቁ ዳር ቆሞ ተገኘ። ቁልፉ እንደተሰካ፣ ሄልሜቱ እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። አበጀ ግን የለም። ታንኳ ያለው ሁሉ ደንገሉን እየገለጠ ፈለገው። ልብሱ እንኳ አልተገኘም። ሰዉ በመጨረሻ "ሐይቁ በላው" ብሎ ተወው። እኔ ደግሞ "በላው" ሲባል ጥርስ ነበር የሚታየኝ።

"አባባ፣ ቀለሙን ይቀይሩልኝ" አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

"ምን ሆነ ልጄ? ቀዩ ያምራል እኮ።"

"ሰዉን አስደነገጥሁት። ሞተሩን ከሩቅ ሲያዩ እሱ የመጣ ይመስላቸዋል። የታመመ ከብታቸውን ጎትተው መንገድ ዳር ይጠብቁኛል። ደርሼ ሄልሜቱን ሳወልቅ ፊታቸው ይለወጣል። በቀደም ዕለት አንዲት ሴትዮ አማትበው ቤታቸው ገቡና ዘጉብኝ። ምጥ የያዛት ልጅ እውስጥ ነበረች። እስኪከፍቱልኝ ድረስ ደጅ ቆሜ ለመንሁ።"

"ልጅቱስ?"

"እሷ ተርፋለች። ሕፃኑ ግን..."

 አባባ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጠው "ተቀመጪ" አሏት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"እሺ" አሉ አባባ። "እንግዲያው ሰልባትዮውን እናውርድና እስከ ብረቱ ልጠን..."

"አይላጥ!" ብላ ጮኸች። እኔ ደንግጬ ከአባባ ኋላ ተሸሸግሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰልባትዮውን በመዳፏ ሸፍና፣ "ከላይ ብቻ ይሸፈንልኝ። ቀዩን እሱ ነው የመረጠው። ከመጣ ከሥር ያግኘው" አለች።

ሰልባትዮ የሚባለው ከመቀመጫው ፊት ያለው፣ ቤንዚን የሚሞላበት ሆድ ነው። አባባ ቀና ብለው ሐይቁን አዩና ተነፈሱ።

"ቀይ ቀለም አስቸጋሪ ነው፤ ሌላ ሲቀባበት ከሥር ሰርጎ ይወጣል። ደግሞ በዚያ ኮረኮንች ስትነጂው ቤንዚኑ ከክዳኑ እየተረጨ በጎኑ ይወርዳል። ዝም ብዬ ያገኘሁትን ብቀባልሽ ወር ሳይሞላ ይበላዋል። ቤንዚን የማይበላው ቀለም መምረጥ አለብኝ።"

"ይምረጡልኛ። ሰማያዊ ይሁን ብቻ።"

እሷ ስትወጣ የአባባን ቀሚስ ያዝሁ። "ቤንዚን ይበላል?"

"አዎ፣ ይበላል እንጂ። ቀለም ይበላል፣ ላስቲክ ይበላል፣ የሰው ሳንባም ይበላል። አትጠጊው።"

ምክራቸው ለጤናዬ ነበር። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር ገጣጠምሁ። ሐይቁ አበጀን በላ። ቤንዚን ቀለም ይበላል። እንግዲያው የሚበላው ነገር አንድ ነው፤ ከሐይቁ ወጥቶ ሰልባትዮው ውስጥ ገብቷል። አባባ የሚፈልጉትም እሱን እንዳይወጣ የሚዘጋ ቀለም ነው።

ሰልባትዮውን ፈትተው ቤንዚኑን ቀድተው አወጡ፤ በሳሙናና በውኃ ደጋግመው አጥበው፣ ክዳኑን ከፍተው በገመድ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ሰቀሉት። ከሐይቁ ነፋስ በመጣ ቁጥር በተከፈተው አፉ ላይ እያለፈ ያስጮኸዋል። ረዥም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ሩቅ ሆኖ የሚጣራ ሰው ዓይነት። ነፋሱ ሲቆም ይቆማል። አባባ ጠርሙስ አንስተው አፉ ላይ እፍ እያሉ አሳዩኝ። "ይኸው፣ ያው ነገር ነው" አሉኝ። የጠርሙሱ ግን አላስፈራኝም። ጠርሙሱ ውስጥ ማንም እንደሌለ ይታያል።

ከዚያ ቀለም መምረጡ ተጀመረ። ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ቁራጭ ቁራጭ እየቆረጡ እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ቀቡና አጥሩ ላይ በሽቦ ሰቀሏቸው። ምላሶች ይመስሉ ነበር። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ይደርቃሉ፤ ዝናቡ ሲመለስ አባባ ሰብስበው ያስገቧቸዋል፤ ክረምት ለቀለም ጠላት ነው። ሲደርቁ በጨርቅ ጫፍ ቤንዚን ጠብ ያደርጉባቸውና አጎንብሰን እናያለን።

መጀመሪያ ለበርና ለመስኮት የሚሆነውን ዘይት ቀለም አዩ። ወዲያው ቆዳው ተነሣ፤ የፈላ ወተት ላይ እንደሚጋግረው ስስ ነገር ተጨማደደ። ቀጥሎ ቶሎ የሚደርቀውን የመኪና ቀለም ሞከሩ። እሱ አልተጨማደደም፤ አባባ በጣታቸው ሲነኩት ግን ተከትሏቸው መጣ። ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ። ጣታቸውንም የሚበላው መስሎኝ "ይታጠቡ!" ብዬ ጮህሁ። ሳቁብኝ።

የመጨረሻው ከሁለት ቆርቆሮ የሚቀላቀል ነበር፤ አንዱ ቀለም፣ ሌላው ማጠንከሪያ። እሱን ሲሠሩ አፍንጫቸውን በሻሽ ጠቅልለው እኔን ከግቢው ያስወጡኛል። ከደረቀ በኋላ ቤንዚን አፈሰሱበት። ምንም አልሆነም። ጨርቁን ነክረው ለጥፈውበት ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ምንም። በጥፍራቸው ፋቁት።

"ይኼ ነው" አሉ። "ይኼንን አይበላውም።"

ደስ ብሎኝ አጨበጨብሁ። አሁን አይወጣም ማለት ነው።

ግን ጥንካሬው ራሱ ጣጣ ይዞ መጣ። ሰልባትዮውን በሰማያዊው ቀብተው ሄድን፤ በማግስቱ ስንመለስ ጎኑ ሐምራዊ ሆኖ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ቀዩ ቦታ ቦታውን ነጥብ ነጥብ እያለ ወጣ፤ ፋሻ ውስጥ እንዳለ ቁስል። ከግራ ጎኑ በታች ደግሞ ቀለሙ አበጠ። ያበጠው የአውራ ጣት ያህል ነው። አባባ አፈረጡት፣ አለሰለሱት፣ እንዳይሰርግ የሚከለክል ግራጫ ቀለም መሐል አስገብተው እንደገና ቀቡት። ነጥቡ ተመለሰ። እብጠቱም እዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ተመለሰ። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በጣቱ የሚገፋ ይመስል ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ልታየው ስትመጣ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው።

"ደም ይመስላል።"

"ቀለም ነው ልጄ። የአዲሱ ቲነር ጠንካራ ስለሆነ አሮጌውን ቀይ ያሟሟዋል። እስከ ብረቱ ካልተላጠ አይተኛም፤ ነግሬሽ ነበር።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ" አለች። እየሄደች ሳለ "በእግሬ ነው የምመላለሰው፤ ግድ የለም" ስትል ሰማሁ። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር።

አንድ ዓርብ አባባ ለስግደት መስጊድ ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ዓይነት አመድማ ሆነው መለያቸው ጠፍቶ ነበር፤ ወፍ እንኳ አይጮኽም። በሐይቁ በኩል አጥሩ ላይ አንድ ቆርቆሮ ወልቆ ክፍት ነበር። ቀና ስል እዚያ ክፍተት ውስጥ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ሲመጣ አልሰማሁትም። አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል፣ የቀኝ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት ይከፍለዋል። ደንበኛ መሰለኝ፤ ስለዚህ አልፈራሁም።

"አባባ የሉም፤ ሊሰግዱ ሄደዋል" አልሁት።

"ያ ቀዩ የት አለ?"

በጣቴ የተሰቀለውን አሳየሁት። ረዥም ጊዜ አየው። ነፋስ ስላልነበር ሰልባትዮው ዝም ብሎ ነበር።

"ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ሰማያዊ። ግን ቀዩ እምቢ አለ። እየወጣ ያስቸግራል።"

"ለምን አይልጡትም?"

"እትዬ ማንጠግቦሽ አይላጥ አለች። ባሏ ከመጣ ከሥር እንዲያገኘው ነው።"

ሰውዬው ዝም አለ።  ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ይላጡት በያቸው" አለኝ።

"ማን አለ ልበል?"

 ከክፍተቱ ዞር ሲል ሮጬ ወደ ውጭ አየሁ። ደንገሉና ጭጋጉ ብቻ ነበር። ደንገሉ ሲነቃነቅ አልሰማሁም፤ የቀዘፋ ድምፅም አልነበረም። ያኔ ነው ብርድ ብርድ ያለኝ።

አባባ ሲመለሱ እትዬ ማንጠግቦሽ አብራቸው ነበረች፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው ነው። ገና ከበሩ፣ "አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር፤ ይላጡት ብሏል" አልኋቸው።

"የምን ሰውዬ?" አሉ አባባ።

ልብሱን ነገርኋቸው፤ ጠባሳውን ነገርኋቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ቃል ሳትናገር ከቦርሳዋ ጉርድ ፎቶ አውጥታ ዓይኔ ሥር አደረገችው። ጢም የለውም። ቅንድቡ ግን ለሁለት ተከፍሏል።

"እሱ ነው" አልሁ።

የሁለቱንም ትንፋሽ ሰማሁ። አባባ የተገለበጠው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ።

"ልጅ ናት" አሉ በመጨረሻ። "ሰውም ይመሳሰላል።" ይህን እያሉ ግን ተነሥተው ወደ ክፍተቱ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ። እዚያ ያለው መሬት ጥቁር ጭቃ ነው፤ የሳቢሳ ወፍ እግር እንኳ ይታተምበታል፤ የትልቅ ሰው ዱካ ግን አልነበረበትም። ለጀልባ መጎተቻ የተነጠፉ ድንጋዮችም አሉ።

"ሀያት፣ ጫማው ጭቃ ነበረበት?"

አሰብሁ። በዚያ ክረምት ጫማው ጭቃ ያልነበረበት ሰው አላየሁም፤ ስለዚህ ትዝ አለኝ። "የለበትም። ንጹሕ ነበር።"

አባባ በከንፈራቸው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ፊቷ በሌላ ዓይነት ተለወጠ። "በታንኳ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ወርዶ ከሆነስ?" አለች።

"ሊሆን ይችላል" አሉ አባባ። "አላህ ያውቃል።"

ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። ሁለቱንም ክንዶቼን ያዘችኝ።

"ሀያትዬ፣ ስለ እኔ ጠየቀሽ?"

አዎ እንድላት ዓይኗ ይለምነኝ ነበር። ግን አልጠየቀኝም። "አልጠየቀም። ስለ ሞተሩ ብቻ ነው የጠየቀኝ።"

"ስሜን ጠርተሽለት ነበር?"

"አዎ።"

"ምን አለ?"

"ዝም አለ።"

ክንዶቼን ለቀቀችኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተነሥታ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጭቃ አራገፈችና፣ "አባባ፣ መላጫውን ይስጡኝ" አለች።

"እኔ እልጠዋለሁ ልጄ።"

"የለም። እኔ ነኝ የምልጠው።"

ሰልባትዮውን አውርደው እንጨት ላይ አስቀመጡላት። መጀመሪያ ሰማያዊው፣ ከዚያ ግራጫው፣ ከዚያ ቀዩ ተነሣ። ቀዩ በትልልቅ ቅርፊት እየተገነጠለ ይወድቃል፤ ታች በደረሰ ቁጥር ይሰበራል። መላጫው ብረቱን ሲፍቅ የሚያወጣው ድምፅ ጥርሴን ያመኝ ነበር፤ ግን ጆሮዬን አልደፈንሁም። ቀሚሷ፣ እጇ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ቀይ አቧራ ሆነ። እጇን ሐይቁ ውስጥ ስትታጠብ ውኃው ቀልቶ ትንሽ ቆየና ወደ ደንገሉ ሄደ።

አባባ ባዶውን ብረት አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ያ ያበጠው ቦታ ላይ ዓይናቸውን አደረጉ። ከዚያ እኔንም አሳዩኝ። በአፉ በኩል ሳይ፣ ጨለማው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል የብርሃን ነጥብ አለች።

"ተበስቷል" አሉ። "ዝገት ነው። ቀለሙን ከውስጥ ሲያሳብጠው የነበረው፣ በስፌቱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ነው። ቀዩ ብቻ ነበር ደፍኖት የቆየው።" ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ዞሩ። "ሸፍነነው ብትነጂው ኖሮ፣ አንድ ቀን ይኼ ተከፍቶ ትኩስ ሞተር ላይ ይፈስስ ነበር። እግሮችሽ መሐል ይቃጠል ነበር።"

እትዬ ማንጠግቦሽ ሰልባትዮውን ተቀብላ በቀዳዳው አየች። ብዙ ጊዜ አየች።

"ይላጡት ያለው ይኼን አውቆ ነው?" አለች።

"የሞተ ይሁን በሕይወት ያለ አላውቅም" አሉ አባባ። "ክፉ ግን አልተናገረም።"

ቀዳዳውን በያጅ ዘንድ ወስደው አስዘጉት። የመቀቢያው ጊዜ ሲደርስ አባባ ሰማያዊውን ቆርቆሮ አቀረቡ። እትዬ ማንጠግቦሽ ራሷን ነቀነቀች።

"የሐይቅ ቀለም አልፈልግም። ቢጫ ይቀቡልኝ።"

"ቢጫ ከሩቅ ይታያል እኮ።"

"ይታይ። እኔ መሆኔን እንዲያውቁ ነው።"

በባዶው ብረት ላይ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከለውን፣ ከላዩ ከሁለት ቆርቆሮ የሚቀላቀለውን ቢጫ ቀቡ። ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ቤንዚን እንዳይገባበት ከለከሉ፤ ውስጡ እስኪጠነክር ጊዜ ይፈልጋል። እኔ በየጠዋቱ እየሮጥሁ ሄጄ አየዋለሁ። ቀይ ነጥብ አልወጣም። እብጠትም አልነበረም። ነፋሱ ግን አሁንም በአፉ ላይ ሲያልፍ ያስጮኸው ነበር፤ ምክንያቱን እያወቅሁም እንኳ ያን ድምፅ ስሰማ ወደ ክፍተቱ ማየቴን አልተውሁም። አባባ ያን የወለቀ ቆርቆሮ በምስማር መቱት። ከዚያ በፊት ግን በዚያ በኩል ሐይቁን ማየት ይወዱ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ እትዬ ማንጠግቦሽ መጣች። ሰልባትዮው ቦታው ተመልሶ ሞተሩ ደጅ ቆሞ ነበር። ክዳኑን ከፈተች፤ ከያዘችው ጀሪካን ቤንዚን ሞላች፤ ከዚያ ሆን ብላ በጎኑ ላይ አፈሰሰችው። ሦስታችንም ቆመን አየን። ቤንዚኑ በቢጫው ላይ እያብለጨለጨ ወረደ፤ ተነነ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ነጠላው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

"ያዘ" አሉ አባባ።

ሞተሩ ላይ ወጣች። ሄልሜቱን ከማድረጓ በፊት ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"ሀያት፣ ያ ሰውዬ እንደገና መጥቶ ነበር?"

"አልመጣም።"

"ከመጣ፣ ቀለሙ ያዘ በይው።"

በአንበሳሜ መንገድ ሄደች። በዚያ ዓመት መጨረሻ ከእናቴ ጋር ወደዚያው ስንሄድ ከአውቶቡሱ መስኮት አየኋት፤ ቢጫው ሞተር እርሻ ዳር ቆሟል፣ አንድ ሰውዬ ቦርሳዋን ተሸክሞ ፊት ፊት ይሮጣል፣ ከቤቱ በራፍ ላይ ሴቶች "መጣች! መጣች!" እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

አበጀ ሞቶም ይሁን በሕይወት አልተገኘም። እኔም መልእክቱን እስከ ዛሬ አላደረስሁም።